በጓሮ ችግኝ ቤት የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ማሳደግ፤ የመሣሪያ አመራረጥና እንክብካቤ

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ
ዓዲ ሓቂ ክፍለ ከተማ፣ መቀሌ

1. መግቢያ

የአትክልት ልማት ትርፍና ኪሳራ በአብዛኛው የሚወሰነው ችግኙ ማሳ ከመግባቱ በፊት ባሉት አራት እስከ ስምንት ሳምንታት ነው። በመደብ ላይ የተበተነ ዘር ግማሹ ሳይበቅል ይቀራል፤ የበቀለውንም ወፍ፣ ቆራጭ ትልና በሽታ ይካፈሉታል። ዘሩ በግራም የሚሸጥ ዲቃላ ዘር ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይሆንም። ችግኙ ሲጠፋ እንደገና ለማፍላት ቢያንስ አንድ ወር ያስፈልጋል፤ በዚያ ወር ውስጥ የመስኖ ውሃው ይቀንሳል፣ የገበያው ጥሩ ዋጋም ያልፋል። በሌላ አነጋገር አንድ ዙር ችግኝ የጠፋበት አርሶ አደር አንድ ወቅት ጠፋበት ማለት ነው።

ይህን ለመከላከል ብዙ ሞዴል አርሶ አደሮቻችን በግቢያቸው ችግኝ ቤት መሥራት ጀምረዋል። ቦታ ለጠበበበት የከተማ ግብርናም ተስማሚ ሥራ ነው፤ ከራስ ማሳ የተረፈውን ችግኝ ለጎረቤት አርሶ አደር መሸጥም ይቻላል። ሆኖም በጉብኝት ጊዜ ደጋግመን የምናየው ችግር አለ። መጀመሪያ ዕቃ ይገዛል፣ ከዚያ ችግኙ በዕቃው ልክ እንዲያድግ ይጠበቃል። ውድ ፕላስቲክ ተዘርግቶ ከሥሩ ያለው ችግኝ በሙቀት ሲቃጠል፣ ወፍራም የጥላ መረብ ተወጥሮ ችግኙ እንደ ሽንብራ ቡቃያ ቀጥኖ ሲረዝም ይታያል።

የዚህ ሥልጠና ዋና መልእክት አንድ ነው፤ ችግኝን የሚያሳድጉት ብርሃን፣ አየር፣ ውሃና ተስማሚ ሙቀት ናቸው። መሣሪያ የሚገዛው በእርስዎ ግቢ ከእነዚህ የጎደለውን ለመሙላት፣ የበዛውን ለመቀነስ ብቻ ነው።

ሠልጣኞች ከዚህ ትምህርት በኋላ፦
ሀ. የሚያስፈልጋቸውን የችግኝ ብዛት፣ የቦታ ስፋትና የውሃ መጠን ማስላት ይችላሉ፤
ለ. ለግቢያቸው የሚስማማውን መሣሪያ በቅደም ተከተል መርጠው መግዛት ይችላሉ፤
ሐ. ችግኝን ከዘር እስከ ማዛወር መንከባከብና የችግር ምልክቶችን ቀድመው መለየት ይችላሉ።

2. ከግዢ በፊት የሚሠራ ሂሳብ

ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። ለምሳሌ ሩብ ሄክታር (2,500 ካሬ ሜትር) ቲማቲም በመስመር መካከል 1 ሜትር፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር አራርቀው ሊተክሉ ቢያስቡ፦

– የሚያስፈልገው ተክል፦ 2,500 ሲካፈል ለ0.3 = 8,333
– ለሚሞተውና ለመተኪያ 15 በመቶ ሲጨመር፦ ወደ 9,600 ገደማ
– ባለ 128 ቀዳዳ የችግኝ ትሪ ቢጠቀሙ፦ 75 ትሪ
– አንድ ትሪ 54 በ28 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የ75ቱ ስፋት፦ ወደ 11.3 ካሬ ሜትር
– ለመተላለፊያ ሲጨመር የችግኝ ቤቱ ስፋት፦ 20 ካሬ ሜትር ያህል፣ ማለትም 4 በ5 ሜትር

እንግዲህ ለሩብ ሄክታር ቲማቲም የሚያስፈልገው ቤት ከአንድ ክፍል የማይበልጥ ነው። ከዚህ የሰፋ ቤት የሚሠራው ችግኝ ለመሸጥ ያሰበ፣ ገዢውንም አስቀድሞ ያነጋገረ አርሶ አደር ነው።

የውሃ ሂሳብም አብሮ ይሠራል። አንድ ትሪ እንደ ችግኙ ዕድሜና እንደ አየሩ ሙቀት በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር ይጠጣል። 75 ትሪ በቀን ከ75 እስከ 150 ሊትር ውሃ ይፈልጋል ማለት ነው። አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሦስት ቀን እንኳ አያቆይም። የቧንቧ ውሃ በተራ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቁጥር ከሁሉም የሚቀድም ነው።

3. የቦታ መረጣ

መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ፀሐይዋ ቀን ላይ ኃይለኛ ናት፤ ሌሊቱ ግን በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊወርድ ይችላል። ዝናቡ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይጠቃለላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አየር ደረቅና ነፋሻ ነው። ከከተማችን ደቡብ በ2006 ዓ.ም ተመርቆ ሥራ የጀመረው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ እዚያ የተተከለው ነፋሱ በቂና ዘላቂ ስለሆነ ነው። ያው ነፋስ በደንብ ያልታሰረ መረብ ይቀዳል፣ የትሪ አፈርንም በግማሽ ቀን ያደርቃል። ስለዚህ ቦታ ሲመርጡ፦

– በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በደቡብ በኩል ከፍ ያለ ግንብ ወይም ዛፍ ካለ ችግኙ ብርሃን በጣም በሚፈልግበት ወቅት ጥላ ላይ ይወድቃል። የደቡቡ ጎን ክፍት ይሁን።
– ነፋሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ ለይተው በዚያ በኩል የጭራሮ ወይም የሸምበቆ አጥር ያቁሙ። አጥሩ ነፋሱን ያቀዝቅዘው እንጂ ጨርሶ አይዝጋው፤ ድፍን ግንብን የዘለለ ነፋስ ከኋላው ተሽከርክሮ የበለጠ ይጎዳል።
– ቦታው ከቤት የራቀ አይሁን። ችግኝ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ መታየት ይፈልጋል።
– ያረጀ የቲማቲም፣ የቃሪያ ወይም የድንች ማሳ አጠገብ አይሥሩ። የእነዚህ ተባይና በሽታ የሚጋራ ነው።
– ዶሮና ፍየል የማይደርስበት ይሁን።

4. የመሣሪያ አመራረጥ

ከዚህ በታች መሣሪያዎቹ የቀረቡት እንደ አስፈላጊነታቸው ቅደም ተከተል ነው። ገንዘብ ካነሰዎ ከላይ ጀምረው የሚችሉትን ያህል ይግዙ፤ ከታች ጀምረው አይግዙ።

4.1 የውሃ ማጠራቀሚያ
ቢያንስ የአራትና የአምስት ቀን ውሃ የሚይዝ በርሜል ወይም ታንከር ያስፈልጋል። ኬሚካል የነበረበት በርሜል በምንም ዓይነት እጥበት ለችግኝ አይሆንም። ክዳን ይኑረው፤ ብርሃን የማያስገባ ቢሆን ደግሞ አረንጓዴ ሽበት አያበቅልም።

የከተማችን ውሃ በአብዛኛው ከአይናለም አካባቢ ጉድጓዶች የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። አካባቢው የኖራ ድንጋይ ያለበት በመሆኑ ውሃው ከበድ ይላል፤ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር ምስክሩ ነው። ይህ ውሃ ለችግኝ መርዝ አይደለም፤ ነገር ግን በትንሽ የትሪ አፈር ላይ በየቀኑ ሲፈስ አፈሩን ወደ አልካላይነት ይገፋዋል፣ አዲስ ቅጠልም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ እንዲሆን ያደርጋል። የሐምሌና የነሐሴ የጣሪያ ውሃ ማጠራቀም ለዚህ ጥሩ መፍትሔ ነው።

4.2 የችግኝ ትሪና አልጋ
ትሪ ሲገዙ ቀዳዳውን ብቻ አይቁጠሩ፤ ውፍረቱንም ይዩ። ስስ ትሪ በአንድ ዙር ይሰነጠቃል፤ ወፍራሙ ግን እየታጠበ ብዙ ዙር ያገለግላል። የቀዳዳው ቁጥር ሲጨምር ለአንድ ችግኝ የሚደርሰው አፈር ይቀንሳል። ለቲማቲም ባለ 128 ይበቃል። ለስድስትና ለስምንት ሳምንት ትሪ ውስጥ ለሚቆየው ቃሪያ ባለ 104 ወይም ባለ 72 ይሻላል።

ትሪ መሬት ላይ አይቀመጥም። ከእንጨት ወይም ከብረት ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ ሥሩ ክፍት የሆነ አልጋ ይሥሩ። ከታች አየር ሲያገኝ ከቀዳዳው የወጣ ሥር ጫፉ ደርቆ ይቆማል፤ በምትኩ ውስጡ ብዙ ቅርንጫፍ ሥር ይሠራል። ትሪው መሬት ከነካ ግን ሥሩ ወደ መሬት ይገባና በሚነሣበት ቀን ይበጠሳል።

4.3 የጥላ መረብ
በገበያ ላይ 50፣ 75 እና 80 በመቶ የሚባሉ መረቦች ይገኛሉ። ቁጥሩ የሚያመለክተው መረቡ የሚከለክለውን ብርሃን ነው። ባለ 80 መረብ ከመቶ ሃያ ብቻ ያሳልፋል ማለት ነው። ብዙ ሰው "ወፍራሙ ይበረታል" ብሎ ይገዛዋል፤ እሱ ግን ለሰው መቀመጫ እንጂ ለቲማቲም ችግኝ አይሆንም። ለችግኝ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሆነ ይበቃል፤ እሱም የሚጠቀለልና የሚዘረጋ ሆኖ ይሠራ። የሚዘረጋው ፀሐይ በምትበረታበት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። ጠዋትና ማታ ይነሣል።

የገዙት መረብ ብርሃን ይበቃው እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። እኩለ ቀን ላይ ከመረቡ ሥር ነጭ ወረቀት አስቀምጠው እጅዎን ከላይ በ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይዘርጉ። የጣቶችዎ ጥላ ተለይቶ ከታየ ብርሃኑ በቂ ነው። ጥላው ደብዝዞ ጣት ከጣት የማይለይ ከሆነ ጨልሟል።

4.4 የነፍሳት መከላከያ መረብ
ነጭ ዝንብ የቲማቲም ቅጠል አጠቅላይ ቢጫ ቫይረስን ታስተላልፋለች። በችግኝነቱ የተያዘ ቲማቲም ፍሬ ሳይሰጥ ይቀራል፤ የሚያድነው መድኃኒትም የለም። ስለዚህ በጎንና በበር የሚወጠረው መረብ ከዋና መሣሪያዎች የሚቆጠር ነው። ነጭ ዝንብን የሚያግደው በአንድ ኢንች 50 ያህል ቀዳዳ ያለው ደቃቅ መረብ ነው። ደቃቅነቱ አየርም ስለሚቀንስ ቤቱ ቢያንስ 2.5 ሜትር ከፍታ ይኑረው። በሩ ሁለት ቢሆን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ዘግተው ሁለተኛውን የሚከፍቱበት ሆኖ ቢሠራ፣ የመረቡ ዋጋ ከንቱ አይቀርም።

4.5 የፕላስቲክ ሽፋን
ፕላስቲክ ለሁለት ነገር ይጠቅማል፤ ለክረምት ዝናብና ለበጋ ሌሊት ቅዝቃዜ። ለእነዚህ ካልሆነ አይግዙ። ከገዙም ፀሐይን የሚቋቋም ተብሎ የተሠራ፣ ውፍረቱ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን የሆነ ይሁን። ለግንባታ የሚሸጠው ተራ ፕላስቲክ በእኛ ፀሐይ በጥቂት ወራት ተሰባብሮ ይረግፋል። ፕላስቲክ የለበሰ ቤት ጎኑ ካልተከፈተ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የሁለቱም ጎን ፕላስቲክ የሚጠቀለል መሆን አለበት።

4.6 አነስተኛ መሣሪያዎች
– ደቃቅ ወንፊት ያለው የውሃ ማጠጫ፤
– ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀትን የሚመዘግብ ቴርሞ ሜትር፤ በችግኞቹ ቁመት ልክ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማታገኘው ቦታ ይሰቀላል፤
– የአፈር ወንፊት፣ ባልዲ፣ የእጅ መታጠቢያና ሳሙና፤
– ለችግኝ ብቻ የሚያገለግል መርጫ። ስንዴና ጤፍ ላይ ቱ-ፎር-ዲ የተረጨበት መርጫ ቢታጠብም የሚቀረው ጠብታ የቲማቲም ችግኝን ያጣምማል፣ ይገድላልም። ይህን መርጫ ከጎረቤት አይዋሱ፤ የራስዎንም ለአረም መድኃኒት አያውሱ።

4.7 የኤሌክትሪክ መብራት
ክፍል ውስጥ በመብራት ማሳደግን የሚጠይቁ ወጣት አርሶ አደሮች አሉ። ሂሳቡን አብረን እንሥራ። 120 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ መደርደሪያ አራት ትሪ ይይዛል። እያንዳንዳቸው 20 ዋት የሆኑ አራት ነጭ የኤል ኢ ዲ መብራቶች ቢሰቀሉበትና በቀን 14 ሰዓት ቢበሩ በቀን 1.12 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በ28 ቀን ደግሞ ወደ 31 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። 75 ትሪ 19 መደርደሪያ ይሆናል። ወጪው በ28 ቀን ወደ 600 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። ይህን በወቅቱ የመብራት ታሪፍ ያባዙትና ውጤቱን ከደጅ ባለችው ነፃ ፀሐይ ያነጻጽሩ። በመቀሌ በዓመቱ አጭር በሆነው ቀን እንኳ ፀሐይ ከ11 ሰዓት በላይ ትቆያለች።

ስለዚህ መብራት የሚመከረው ለጥቂት ትሪ፣ ለምሳሌ በክረምት ደመና ወይም ውድ የሆነ ዘርን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ለመደገፍ ነው። የሚጠቀም ሰው መብራቱን ከችግኙ ጫፍ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አርቆ ይስቀል፣ ችግኙ ሲያድግም ከፍ ያድርገው። ከ16 ሰዓት በላይ አያብራ፤ ቲማቲም ጨለማ ካላገኘ ቅጠሉ ይጎዳል። የመስኮት ብርሃን ለዓይን ብዙ ይመስላል እንጂ ከውጭው ብርሃን ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ በመስኮት ብቻ የሚያድግ ችግኝ ይቀጥናል። ማከፋፈያና ሶኬት ውሃ ከሚረጭበት ቦታ ከፍ ብሎ ይተከል፤ ሥራውንም ባለሙያ ይሥራው።

5. የአፈር ዝግጅት

የማሳ አፈር ብቻውን ትሪ ውስጥ ሲገባ ይጠጥራል። በተለይ ጥቁር መረሬ አፈር ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በአካባቢያችን የሚገኘውን በመጠቀም 2 እጅ በደንብ የበሰለና የተነፋ ኮምፖስት፣ 1 እጅ ለም አፈር፣ 1 እጅ የታጠበ የወንዝ አሸዋ ይቀላቅሉ። ለ75 ትሪ ከ250 ሊትር ያላነሰ ድብልቅ ያዘጋጁ። ኮኮፒት ወይም ፒት ሞስ ካገኙ ጥሩ ነው፤ ካላገኙ ግን ሥራው አይቆምም። በጦርነቱ ዓመታት ግብዓት ሲቋረጥ ያስተማረን ነገር ቢኖር በእጅ ባለው መሥራትን ማወቅ ነው።

የበሰለ ኮምፖስት ሲነካ አይሞቅም፣ የፍግ ሽታም የለውም። ያልበሰለ ከሆነ ሥር ያቃጥላል። የድብልቁን እርጥበት ለማወቅ በእጅ ይጨብጡት። ሲለቁት ቅርጹን ይዞ በጣት ሲነካ ከፈረሰ ደህና ነው፤ ውሃ ካንጠባጠበ በዝቷል።

በአፈር ውስጥ ያለውን የበሽታ ዘር ለመቀነስ ድብልቁን አርጥበው በ20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያንጥፉትና በጠራ ፕላስቲክ አሽገው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ፀሐይ ላይ ያቆዩት። ይህ ሥራ ከዘር መዝሪያው ወር በፊት የሚታሰብ ነው።

አመድ መጨመር በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ውሃችን ከባድ በሆነበት በእኛ አካባቢ ግን አመድ አልካላይነቱን ስለሚያብሰው በትሪ አፈር ውስጥ አይመከርም።

6. ዘር ማዘጋጀትና መዝራት

ሀ. የመብቀል ፈተና፦ ከዘሩ 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሞቃት ቦታ ያስቀምጡ። ቲማቲም ከ5 እስከ 8፣ ቃሪያ ከ8 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። ከ100 ሰማንያው ከበቀለ ጥሩ ነው። ከዚያ ካነሰ በአንድ ቀዳዳ ሁለት ፍሬ ይዝሩ ወይም ዘሩን ይቀይሩ። ውድ ዲቃላ ዘር ከሆነ በ20 ፍሬ መፈተን ይበቃል።

ለ. የሙቅ ውሃ ሕክምና፦ እንደ መልካሳልሳ፣ መልካሾላ ወይም ማረቆ ፋና ካሉ ዝርያዎች ራስዎ የያዙት ዘር ከሆነ በጨርቅ ቋጥረው በ50 ዲግሪ ውሃ ለቲማቲም 25፣ ለቃሪያ 30 ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ አብርደው ያድርቁት። ሙቀቱ በቴርሞ ሜትር ይለካ፤ በእጅ ግምት ዘሩ ይቀቀላል። ቀለም የተቀባ የታከመ ዘር ይህን አይፈልግም።

ሐ. አዘራር፦ ቲማቲም ከግማሽ እስከ አንድ፣ ቃሪያ አንድ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይዘራል። አጠጥተው ትሪዎቹን በሞቃት ክፍል ደራርበው በፕላስቲክ ይሸፍኗቸው። ለመብቀል ቲማቲም ከ20 እስከ 28፣ ቃሪያ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ይስማማቸዋል። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ ይግለጡና ይዩ። ጥቂት ቡቃያ አንገቱን ብቅ ሲያደርግ በዚያው ሰዓት ሁሉንም ትሪ ወደ ብርሃን ያውጡ። እዚህ ላይ የአንድ ቀን መዘግየት ያስረዘመውን ችግኝ በኋላ የሚያሳጥረው ነገር የለም።

መ. ጊዜ፦ ቲማቲም ከ4 እስከ 5፣ ቃሪያ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቆያል። የሚተክሉበትን ቀን አስቀድመው ይወስኑና ወደኋላ ይቁጠሩ። በሐምሌ መጀመሪያ በዝናብ የሚተከል ቃሪያ በግንቦት መጀመሪያ መዘራት አለበት።

7. የየዕለት እንክብካቤ

7.1 ውሃ
ችግኝ ከጥማት ይልቅ በውሃ ብዛት ይሞታል። ውሃ የሚጠጣው በሰዓት ልማድ ሳይሆን በአፈሩ ሁኔታ ነው። የትሪውን አንድ ጫፍ አንሥተው ክብደቱን ይለማመዱ። ከቀለለና የአፈሩ ገጽ ከነጣ ያጠጡ፤ ከከበደ ይተዉት። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ማጠጣት ተመራጭ ነው፤ በኃይለኛ ፀሐይና ነፋስ ቀን ከሰዓት በኋላ ይደገማል። ቅጠሉ ረጥቦ ማደር ስለሌለበት ከ10 ሰዓት በኋላ አያጠጡ። ሲያጠጡ ከሥር እስኪንጠባጠብ ይሁን፤ ላይ ላዩን መርጨት ሥሩን ላይ ያስቀረዋል። በጠርዝ ያሉ ትሪዎች ቀድመው ይደርቃሉ፤ በየሁለት ቀኑ ከመሐል ጋር ያቀያይሯቸው።

7.2 ማዳበሪያ
ችግኙ ሁለት እውነተኛ ቅጠል እስኪያወጣ ኮምፖስቱ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ከገረጣ አንድ የሻይ ማንኪያ (5 ግራም ያህል) ዩሪያ በ10 ሊትር ውሃ አሟሙተው በሳምንት አንድ ጊዜ ያጠጡ፤ ወዲያውም ቅጠሉን በንጹሕ ውሃ ያጥቡት። ጥቁር አረንጓዴ ለሆነ ችግኝ ዩሪያ አይሰጥም፤ ለምለም ሆኖ ይረዝማል፣ ማሳ ላይ ግን ይወድቃል።

7.3 ሙቀትና ነፋስ
ቴርሞ ሜትሩን ጠዋትና እኩለ ቀን ያንብቡና ይመዝግቡ። ሌሊቱ ከ12 ዲግሪ በታች ከወረደ ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ጎኑን ይዝጉ፤ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ይክፈቱ። እኩለ ቀን ከ32 ዲግሪ ካለፈ ጎኖቹን በሙሉ ይክፈቱ፣ መረቡን ይዘርጉ። የቲማቲም ችግኝን በቀን አንድ ጊዜ ቀጭን ዘንግ ይዘው ጫፉን አሥርና ሃያ ጊዜ ቀስ ብለው ቢያሻሹት ግንዱ አጥሮ ይጠነክራል። ይህ የሚሠራው ቅጠሉ ደርቆ ሳለ ነው።

8. ተባይና በሽታ

የችግኝ አጠውላጊ፦ ግንዱ አፈር የሚነካበት ቦታ ቀጥኖና ጠቁሮ ችግኙ ይወድቃል። መንሥኤው በአፈር የሚኖር ፈንገስ ሲሆን ብዙ ውሃና ጥቂት አየር ያግዙታል። ሲታይ ውሃውን ይቀንሱ፣ ጎኑን ይክፈቱ፣ የታመመውን ከነአፈሩና ከአጠገቡ ካሉት ጋር ያውጡ፣ በአፈሩ ገጽ ደረቅ አሸዋ ይበትኑ።

ነጭ ዝንብና ክሽክሽ፦ ቅጠሉን ገልብጠው ከሥሩ ይዩ። ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ ዘይት የተለቀለቀ ካርቶን ሰቅለው ቁጥራቸውን በየሳምንቱ ይቁጠሩ።

ቱታ አብሶሉታ፦ በ2005 ዓ.ም ገደማ ወደ አገራችን መግባቷ የታወቀ የእሳት እራት ናት። ትሏ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል እየበላች ነጣ ያለ ሰፊ ቦታ ትተዋለች። እንዲህ ያለ ቅጠል ሲያገኙ ቆርጠው በፌስታል አሽገው ፀሐይ ላይ ያስቀምጡ፤ መሬት ላይ አይጣሉት። ከሌላ ቦታ የተገዛ ችግኝ ሳይመረመር ወደ ቤትዎ አይግባ።

የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ፦ በእጅ፣ በልብስና በሲጋራ ወይም በሱረት ይተላለፋል። ችግኝ ከመንካት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ በችግኝ ቤት ውስጥም አይጨስ።

የኬሚካል መድኃኒት የመጨረሻ አማራጭ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ናሙና ይዘው የልማት ሠራተኛውን ያማክሩ፤ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን አይለፉ።

9. ማጠንከርና ማዛወር

ከመተከሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ቀደም ብሎ ጥላውን ቀስ በቀስ ያንሡ፣ ውሃውን ይቀንሱ፣ ዩሪያ ያቁሙ። ችግኙ ጠዋት ቀጥ ብሎ፣ እኩለ ቀን በጥቂቱ ጠውለግ ብሎ፣ ማታ ከተመለሰ እየጠነከረ ነው። ለመተከል የደረሰ ችግኝ ከ4 እስከ 6 እውነተኛ ቅጠል፣ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ የእርሳስ ያህል ወፍራም ግንድ አለው፤ ሲነቀልም ሥሩ አፈሩን ሙሉ በሙሉ ይዞ ይወጣል። ከ10 ሰዓት በኋላ ወይም ደመናማ በሆነ ቀን ይትከሉ። የተረፈውን ትሪ ወዲያው አጥበው በተበረዘ በረኪና ውሃ ነክረው ፀሐይ ላይ ያድርቁ።

10. የችግር ምልክቶች በአጭሩ

– ቀጥኖ የረዘመ ችግኝ፦ ብርሃን አንሷል ወይም ተጨናንቋል። ጥላውን ያንሡ፣ ትሪዎቹን ያራርቁ።
– የታች ቅጠል ቢጫ፦ ናይትሮጅን አንሷል። በ7.2 የተገለጸውን ይስጡ።
– አዲስ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሥሩ አረንጓዴ፦ ውሃው ከባድ ነው ወይም አፈሩ በውሃ ታፍኗል። የዝናብ ውሃ ይጠቀሙ፣ ማጠጣቱን ይቀንሱ።
– ቅጠሉ ሐምራዊ፦ ብዙ ጊዜ ከሌሊት ቅዝቃዜ የተነሣ ነው። ማታ ይሸፍኑ።
– የቅጠል ጠርዝ የተቃጠለ፦ ማዳበሪያ በዝቷል ወይም ኮምፖስቱ አልበሰለም። በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያጥቡ።
– ቅጠሉ እንደ ክር የተጣመመ፦ የአረም መድኃኒት ነክቶታል። መርጫውንና ባልዲውን ይመርምሩ።

11. የተግባር ሥራና የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሚቀጥለው ወቅት ሊያለሙ ያሰቡትን ማሳ ስፋት ይዘው በክፍል 2 መሠረት የችግኝ፣ የትሪና የውሃ መጠን ያስሉ። ውሃው ከየት ይመጣል?
2. በግቢዎ ውስጥ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓትና ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ጥላ የሚያርፍበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ። ለችግኝ ቤት የሚሆነው የትኛው ነው?
3. አሁን በእጅዎ ያሉትን መሣሪያዎች ይዘርዝሩ። እያንዳንዱ የሚያገለግለው ለብርሃን፣ ለአየር፣ ለውሃ ነው ወይስ ለሙቀት? ለአንዳቸውም የማያገለግል ካለ ለምን ተገዛ?
4. በቡድናችሁ ባለፈው ወቅት ከተዘራው ዘር ስንቱ ለመትከል ደረሰ? የጠፋው በየትኛው ሳምንትና በምን ምክንያት ነበር?

የአራተኛውን ጥያቄ መልስ በደብተር መዝግባችሁ ለቀጣዩ የቡድን ስብሰባ ይዛችሁ ኑ። የሚቀጥለውን መሣሪያ የምንመርጠው ከዚያ መዝገብ ተነሥተን ነው።